የአንድ ሰዓት መድኃኒት ለአንድ ዓመት ቁስል

ማርች 14 ቀን 2010፣ ሚላን፣ ሳን ሲሮ ስታዲየም። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ኤሲ ሚላን ከኪዬቮ ጋር የገጠመው ጨዋታ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተዋል። ዴቪድ ቤካም ኳሷን ተቀብሎ ሊዞር ሲል ድንገት ቀጥ አለ። የነካው የለም፤ የጠለፈውም የለም። በአንድ እግሩ እያነከሰ ጥቂት ሄደና ጎንበስ ብሎ የግራ እግሩን ከተረከዙ በላይ ዳሰሰ። በቃሬዛ ሲያወጡት ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበር። የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሷል። በማግሥቱ ፊንላንድ፣ ቱርኩ ከተማ ተወስዶ ሳካሪ ኦራቫ የተባሉት ቀዶ ሐኪም ጅማቱን ሰፉለት። ደቡብ አፍሪካ ያስተናገደችው የዓለም ዋንጫ ሊጀመር የቀረው ሦስት ወር ስለነበር ውድድሩ አመለጠው። ሜዳ የተመለሰው ሴፕቴምበር ላይ፣ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው።

በገንዘብ የሚገዛ ሕክምና ሁሉ በደጁ ያለ፣ ሰውነቱን ለዓመታት በባለሙያ ያሠለጠነ ሰው ስድስት ወር ፈጀበት። የተበጠሰ ጅማት እንዲህ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሁለቱን ጫፎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያገናኛቸው ይችላል፤ ስፌቱን ወደ ጅማት የሚለውጠው ግን ሰውነት ራሱ ነው፤ ሰውነትም በዚህ ሥራ ላይ አይቸኩልም።

ይህን ጊዜ ያሳጥራል የተባለ አንድ ሕክምና አለ። ከታካሚው ክንድ ደም ይቀዳል፤ ደሙ በመኪና ይሽከረከራል፤ ከላይ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ ተለይቶ በተሰፋው ጅማት ላይ ይፈስሳል ወይም በመርፌ ይገባል። ሙሉ ስሙ በፕላትሌት የበለጸገ ፕላዝማ ነው፤ በሐኪሙም በታካሚውም አፍ ፒአርፒ ይባላል። ዛሬ ከዱባይ እስከ ዋሽንግተን ለጉልበት፣ ለትከሻ፣ ለፀጉር፣ ለፊት ቆዳ ይሸጣል። ለተሰፋ ጅማት ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ከማስታወቂያው ርቆ፣ በጥንቃቄ በተሠሩ ሙከራዎች ውስጥ መልስ ሲፈለግለት ቆይቷል። መልሱን በአግባቡ ለመረዳት መጀመሪያ ጅማቱን ራሱን ማየት ያስፈልጋል።

የባትን ጡንቻዎች ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት በሰውነታችን ካሉት ሁሉ ወፍራሙና ብርቱው ነው። ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስንሮጥ የሰውነታችንን ክብደት ስድስት ስምንት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሸከማል። ይህን ሁሉ የሚችለው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን በቀጫጭን ክሮች፣ ክሮቹም በጥቅል፣ ጥቅሎቹም ሁሉ ወደ ኃይሉ አቅጣጫ ተሰልፈው ስለተሠሩ ነው። ለዚህ ጥንካሬው የሚከፍለው ዋጋ ግን አለ። በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ጥቂት ናቸው፤ የሚደርሰው ደምም ትንሽ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ከአጥንቱ በላይ ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ባለው ክፍል ሲሆን፣ ደም በጣም የሚያንሰውም እዚያው ነው። ቆዳ ሲቆረጥ በቀናት ይገጥማል፤ ጡንቻ በሳምንታት ያገግማል። ጅማት ደም እንደተነፈገ ሠራተኛ ነው፤ ይሠራል፣ ግን ቀስ ብሎ።

ቁስሉ እንደተፈጠረ ቦታው በረጋ ደም ይሞላል፤ ለጥቂት ቀናት ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል። ከዚያ አዳዲስ ሕዋሳት ገብተው ኮላጅን መሥራት ይጀምራሉ። ይህ የመጀመሪያው ኮላጅን ሦስተኛው ዓይነት የሚባለው፣ ደካማውና ያለ ሥርዓት የተወሳሰበው ነው። በብርቱው፣ በአንደኛው ዓይነት እየተተካ፣ ክሮቹም ወደሚጎተቱበት አቅጣጫ እየተሰለፉ የሚሄዱት በወራት ውስጥ ነው። ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ ይቀጥላል፤ ያም ሆኖ ጅማቱ ከጉዳቱ በፊት ወደነበረበት ፍጹም አይመለስም።

የበጠሱ ሰዎች ሁሉ የሚናገሩት ነገር ተመሳሳይ ነው። ከኋላ አንድ ሰው የረገጣቸው ይመስላቸዋል፤ ዞረው ሲያዩ ማንም የለም። አንዳንዶች እንደ ተኩስ ያለ ድምፅ ሰምተናል ይላሉ። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሠላሳ እስከ ሃምሳ ባለው ውስጥ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጠው ይሠሩና በዕረፍት ቀን ኳስ ሜዳ ይገባሉ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ የሚያዘጋጀውን ዓመታዊ ውድድር ያየ ሰው እነዚህን ሰዎች ያውቃቸዋል። በሥራ ብዛት ልምምድ የሌለው፣ ልቡ ግን ገና ሃያ ዓመቱ የሆነ አባወራ ማሊያ ለብሶ የመጀመሪያዋን ፍጥነት ይሞክራል። እንዲህ ያለው እግር ነው ለዚህ ጉዳት የተጋለጠው።

ጉዳቱ አንዳንዴ ይታለፋል። ሌሎች ጡንቻዎች ስላሉ ሰውዬው እግሩን ማንቀሳቀስ አያቅተውም፤ እያነከሰም ይራመዳል፤ ወለምታ ነው ተብሎ ታሽቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወጌሻ ጋር የሚሄደውም ብዙ ነው። ለወጌሻ ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ የተበጠሰ ጅማት ታሽቶ አይያያዝም፤ በተሳበ ቁጥር ሁለቱ ጫፎች ይበልጥ ይራራቃሉ። ማንኛውም የጤና ባለሙያ በአንድ ደቂቃ የሚያደርገው ምርመራ አለ። ታካሚው እግሮቹ ከአልጋው ጫፍ እንዲያልፉ ሆኖ በሆዱ ይተኛል፤ መርማሪው ባቱን ጨበጥ ያደርጋል። ጅማቱ ደህና ከሆነ መዳፈ እግሩ ወደ ታች ይሳባል። ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ተበጥሷል። ሲመንድስ የተባሉ ሐኪም በ1957፣ ቶምሰን የተባሉ ደግሞ በ1962 የጻፉለት ይህ ምርመራ መሣሪያም ኤክስሬይም አይፈልግም።

ስለ መንስኤው ሳነሳ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እኛ ዘንድ ለሆድ ሕመምም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዛው ሲፕሮፍሎክሳሲን ጅማትን የማድከም፣ አልፎም የማስበጠስ አደጋ አለው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2008 በመድኃኒቱ ላይ ከፍተኛ የሚባለውን ማስጠንቀቂያ አስጽፏል። አደጋው ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆኑና ኮርቲዞን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይበረታል። ሲፕሮ እየወሰደ ከተረከዙ በላይ ሕመም የተሰማው ሰው ሩጫውን አቁሞ ወደ ሐኪሙ መመለስ አለበት።

ኢትዮጵያ ይህን ጅማት በሯጮቿ በኩል በደንብ ታውቀዋለች። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 ለኦሎምፒክ ሲድኒ ሲደርስ የተረከዝ ጅማቱ ታሞ ስለነበር ለመወዳደሩ እንኳ እርግጠኛ አልነበረም። ያም ሆኖ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። ከድሉ በኋላ ስዊዘርላንድ ውስጥ በዚያው ጅማቱ አካባቢ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። የእሱ ችግር ሕመም እንጂ መበጠስ አልነበረም፤ ሆኖም ከቢላዋው በኋላ ያለው መንገድ ይመሳሰላል። በቀጣዩ ክረምት፣ በኦገስት 2001፣ ኤድመንተን ላይ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ በኦክቶበር ብሪስቶል ላይ የግማሽ ማራቶን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በአቴንስ 2004 ጅማቱ መልሶ አስቸግሮት አምስተኛ ሲሆን ያየነው ሁሉ አዝነናል። በ2008 ደግሞ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሲድኒ ላይ ሲያስጨንቀን የነበረው ጅማት ከስምንት ዓመት በኋላም አገልግሏል።

የፕላዝማው ታሪክ የሚጀምረው ከስፖርት ሜዳ ርቆ ነው። ራስል ሮስ የተባሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ1974 አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። ከደም ቧንቧ ግድግዳ የተወሰዱ ሕዋሳት ከረጋ ደም በተገኘ ፈሳሽ ውስጥ ሲቀመጡ ይራባሉ፤ ሳይረጋ ከተጣራ ደም በተገኘ ፕላዝማ ውስጥ ግን አይራቡም። ልዩነቱን ያመጡት ፕላትሌቶች መሆናቸው ታወቀ። እነዚህ ጥቃቅን የደም ቅንጣቶች ደም እንዲረጋ ማድረጋቸው ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር። አዲሱ ነገር በሆዳቸው ሌላ ስንቅ መያዛቸው ነው፤ ደም ሲረጋ ሕዋሳትን እንዲራቡ፣ እንዲሰበሰቡ፣ አዲስ የደም ሥር እንዲያበቅሉ የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖችን ያፈስሳሉ። በጤነኛ ሰው ደም፣ በእያንዳንዱ ማይክሮሊትር ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 የሚሆኑ ፕላትሌቶች ይገኛሉ።

ከዚህ ወደ ሕክምና የተደረገው እርምጃ ለማንም የሚታይ ነው። ቁስል ሁሉ በፕላትሌት የሚጀምር ከሆነ ብዙ ፕላትሌት ብናመጣለትስ? በማያሚ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም የሆኑት ሮበርት ማርክስ በ1998 ባወጡት ጥናት ለመንጋጋ አጥንት ንቅለ ተከላ ይህንኑ አደረጉ። የጅማት ሐኪሞችም ተከተሏቸው።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ከክንድ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳል፤ እንዳይረጋ ሲትሬት ይጨመርበታል፤ ሴንትሪፊዩጅ በሚባለው መኪና ውስጥ ለደቂቃዎች ይሽከረከራል። ሲወጣ ቀዩ ደም ከታች ተኝቷል፤ ከላዩ ስስ ነጭ መስመር አለ፤ ከዚያ በላይ ጥርት ያለ ቢጫ ፕላዝማ። ፕላትሌቶቹ የሚበዙት በነጩ መስመር አካባቢ ነው። ሐኪሙ ያንን ይቀዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። አንዳንዱ ሐኪም ካልሲየም ጨምሮበት እንደ ጄል ያረጋውና በስፌቱ መካከል ያስቀምጠዋል፤ አንዳንዱ ፈሳሹን እንዳለ በመርፌ ይሰጣል። ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚያስቀር አለ፤ የሚያስገባም አለ። ሁሉም ፒአርፒ ይባላል።

በስፔን፣ ቪቶሪያ ከተማ፣ ሚኬል ሳንቼዝና ባልደረቦቻቸው በ2007 ያወጡት ጥናት ብዙ ሰው አጓጓ። ስድስት ስፖርተኞች የተበጠሰ የተረከዝ ጅማታቸው ሲሰፋ ከደማቸው የተዘጋጀ ፕላዝማ ተጨመረላቸው። ቀደም ሲል ያለ ፕላዝማ ከተሰፉ ስድስት ጋር ሲነጻጸሩ ወደ ልምምድ የተመለሱት በ14 ሳምንት ነው፤ የፊተኞቹ 21 ሳምንት ፈጅቶባቸው ነበር። ሰባት ሳምንት ለስፖርተኛ ትልቅ ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ሃይንስ ዋርድ ለጉልበቱ ጉዳት ፕላዝማ ተወግቶ በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ በሱፐር ቦውል፣ ሲሰለፍ ሕክምናው የጋዜጣ ርዕስ ሆነ። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ድርጅት በጡንቻ ውስጥ የሚሰጠውን በ2010 ከልክሎ በቀጣዩ ዓመት ክልከላውን አነሳ።

ነገር ግን ስድስት ሰው ስድስት ሰው ነው። ንጽጽሩም በዕጣ የተደለደለ አልነበረም፤ ፕላዝማ የተሰጣቸው በኋላ የታከሙት ናቸው። ሐኪሙ በልምድ ተሻሽሎ፣ የማገገሚያ ልምምዱም ተፋጥኖ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለይ ሙከራ ያስፈልግ ነበር፤ ያንን ካደረጉት መካከል እኔ ከሁሉ በላይ የማከብራቸው በስዊድን፣ ሊንሾፒንግ ከተማ ያሉት ናቸው።

ፔር አስፐንበርግ የዚያ ዩኒቨርሲቲ የአጥንት ሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ፤ የፕላዝማው ተጠራጣሪ ሆነው አልጀመሩም። በ2004 ከኦሌና ቪርቼንኮ ጋር ባወጡት ጥናት የአይጦችን የተረከዝ ጅማት ቆርጠው የፕላትሌት ክምችት ሰጧቸው። ከአንድ ሳምንት በኋላ የተሰጣቸው አይጦች ጅማት ካልተሰጣቸው 30 በመቶ ያህል ጠንክሮ ተገኘ። ልዩነቱ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ዘለቀ። ብዙ ተመራማሪ እዚህ ላይ ደስ ብሎት ወደ ገበያ ይሄድ ነበር። እነሱ ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛቸውም። ፕላትሌቶች ያላቸውን የሚያፈስሱት በአብዛኛው በመጀመሪያዋ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ታዲያ የአንድ ሰዓት ፍሰት ሳምንታት ቆይቶ ጅማትን እንዴት ያጠነክራል?

በ2006 መልሱን አመጡ። በሌሎች አይጦች ላይ ፕላትሌቱን እንደ ፊቱ ሰጡ፤ ከዚህ ጋር ግን የባት ጡንቻቸውን በቦቶክስ አደንዝዘው ጅማቱ እንዳይጎተት አደረጉ። በሁለተኛው ሳምንት ሲለካ የፕላትሌቱ ጥቅም ጠፍቶ ነበር። ትርጉሙ ከባድ ነው። ፕላትሌቱ ጅማቱን ትንሽ አስቀድሞ ያነቃዋል፤ የነቃውን ጅማት የሚያጠነክረው ግን እንስሳው ሲራመድ የሚመጣው ጭነት ነው። ጭነት ከሌለ ያቺ የመጀመሪያ ብልጫ ባክና ትቀራለች።

ቀጥሎ ወደ ሰው ሄዱ። በ2011 ያወጡት ሙከራ የተሠራው በሠላሳ ሰዎች ላይ ነው፤ ሁሉም የተረከዝ ጅማታቸው ተበጥሶ የሚሰፋላቸው ናቸው። ቶርስተን ሼፑልና ባልደረቦቹ በቀዶ ጥገናው ላይ፣ ከስፌቱ በላይና በታች፣ ታንታለም ከሚባል ብረት የተሠሩ ጥቃቅን ጠጠሮች በጅማቱ ውስጥ ቀበሩ። ብረቱ በኤክስሬይ ላይ ጎልቶ ይታያል። ቆዳው ሊሰፋ ሲል ዕጣ ይወጣል፤ አሥራ ስድስቱ ከመደበኛ ደም አሥር እጥፍ ፕላትሌት የያዘ አሥር ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ይሰጣቸዋል፣ አሥራ አራቱ ምንም አይሰጣቸውም።

በሰባተኛው፣ በአሥራ ዘጠነኛውና በሃምሳ ሁለተኛው ሳምንት ታካሚዎቹ ተመልሰው መጡ። እግራቸው በተለያየ ኃይል ወደ ላይ ሲገፋ እነሱ በባታቸው እየተቋቋሙ የኤክስሬይ ምስል ከተለያየ አቅጣጫ ይነሳል፤ በጠጠሮቹ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደተለጠጠ ይሰላል። ይህ ታካሚውን «እንዴት ነህ፣ ተሻለህ?» ብሎ ከመጠየቅ የተለየ ነው። ሰዎች ውድ መድኃኒት ሲወስዱ የተሻላቸው ይመስላቸዋል፤ ሐኪሙም ቢሻላቸው ይወዳል። ጠጠሮቹ ግን ምኞት የላቸውም።

ውጤቱ ልዩነት የለም የሚል ሆነ። ፕላዝማ የተሰጠውም ያልተሰጠውም ጅማት እኩል ተለጠጠ፤ ተረከዝን የማንሳት አቅማቸውም አልተለያየም። ታካሚዎቹ ራሳቸው በሞሉት መጠይቅ ደግሞ ፕላዝማ የተሰጣቸው ዝቅ ያለ ነጥብ አገኙ፤ ጉዳት ሊኖረው ይችላል የሚል ፍንጭ ነው። በአይጥ ላይ ያገኙትን መልካም ዜና በሰው ላይ ራሳቸው ሻሩት። በሳይንስ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ታማኝነት ብዙ አላየሁም።

በዚያው ጥናት ውስጥ ብዙ ሰው ያለፈው ሌላ ግኝት አለ። በሰባተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው ሳምንት ጅማቱ ጠንክሮ የተገኘ ሰው በዓመቱ ተረከዙን በማንሳት የተሻለ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዓመቱ ውጤት ጋር ይያያዛሉ ማለት ነው። የሊንሾፒንግ ቡድን ወደዚያ ዞረ። ሼፑልና አስፐንበርግ በ2013 ያወጡት ሙከራ ስለ ደም ሳይሆን ስለ ጭነት ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ልማዱ እግርን በጀሶ አስሮ መተው በነበረበት ጊዜ፣ አንዱ ክፍል በየቀኑ ፔዳል እየረገጠ ጅማቱን በልክ እንዲወጥር ተደረገ። ጅማታቸው ካልወጠሩት ይልቅ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። በአረማመድና በዕለት ኑሮ ላይ የታየ ልዩነት ግን አልነበረም። ስለዚህ ልምምድም ተአምር ነው አልልም፤ ጅማቱ ራሱ ለምን መልስ እንደሚሰጥ ግን አሳይቷል።

የፕላዝማውን ጥያቄ እንግሊዞች በብዙ ሰው ላይ ሞከሩት። አሁን የተበጠሰ የተረከዝ ጅማት ሁሉ አይሰፋም፤ ብዙ ታካሚ ተረከዙን ከፍ በሚያደርግ ልዩ ቦት ብቻ ይታከማል። በኖርዌይ 554 ሰዎችን ይዞ በ2022 የወጣው ትልቅ ሙከራ በዓመቱ በተሰፉትና ባልተሰፉት መካከል የአቅም ልዩነት አላገኘም፤ ዳግም መበጠስ ግን ባልተሰፉት 6.2 በመቶ፣ በተሰፉት 0.6 በመቶ ነበር። የእንግሊዙ ፓዝ-2 የተባለ ሙከራ ያልተሰፉትን ይመለከታል። በ19 ሆስፒታሎች 230 ሰዎች ገቡበት። ለግማሾቹ ፕላዝማ ተወጋላቸው፤ ለሌሎቹ መርፌው ገባ እንጂ ምንም አልፈሰሰም። ማን ምን እንዳገኘ ታካሚዎቹ አያውቁም። በ24ኛው ሳምንት የተጎዳው እግር ከጤነኛው ጋር ሲነጻጸር የሠራው ሥራ ፕላዝማ ባገኙት 34.7 በመቶ፣ ባላገኙት 38.5 በመቶ ሆነ፤ ልዩነት የሚባል አይደለም። ሁለት ዓመት ቆይተው ሲጠየቁም ያው ነው። እነዚያ ቁጥሮች ሌላ ነገርም ይናገራሉ። ግማሽ ዓመት ገደማ አልፎም የታመመው እግር የጤነኛውን ሲሶ ያህል ብቻ ነው የሚሠራው።

ለተረከዝ ጅማት እንግዲህ መልሱ ግልጽ ነው ብዬ አምናለሁ። ትከሻ ላይ ስንደርስ ግን ጉዳዩ ይለያል።

የትከሻን ኳስ ከብበው የሚይዙት አራት ጅማቶች ከዕድሜ ጋር ይሳሳሉ፣ ይቀደዳሉ። ሐኪሙ ቀዳዳውን ወደ አጥንቱ መልሶ ይሰፋል፤ ጅማት ከአጥንት ጋር ዳግም መግጠሙ ግን ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። በ2004 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት ትልቅ ቀዳዳ በካሜራ ከተሰፋላቸው 18 ሰዎች የ17ቱ መልሶ ተከፍቶ በአልትራሳውንድ ታይቷል። የሚገርመው፣ ጅማታቸው የተከፈተባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከቀዶ ጥገናው በፊት ከነበሩበት ተሽሏቸው ነበር።

በሴኡል፣ ክሪስ ህዩንቹል ጆ የሚመሩት ቡድን ትልልቅ ቀዳዳ ባላቸው 48 ሰዎች ላይ ሙከራ አደረገ። ፕላዝማውን ፈሳሽ አድርገው አልረጩትም፤ በጄል መልክ አርግተው በክሩ ላይ ሰክተው ጅማቱ ከአጥንቱ በሚገናኝበት ላይ አኖሩት። በ2013 የወጣው ውጤት የሚያስደንቅ ነው። ፕላዝማ ካገኙት ጅማታቸው ዳግም የተቀደደው 20 በመቶ ናቸው፤ ካላገኙት 55.6 በመቶ። በሌላ በኩል ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በኒው ዮርክ የልዩ ቀዶ ጥገና ሆስፒታል በ79 ሰዎች ላይ በተደረገው ሙከራ ከፕላዝማ የተሠራ ፋይብሪን የተባለ ስስ ሽፋን ምንም አልጠቀመም፤ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል የሚል ምልክት አሳይቷል።

ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት ይሆናሉ? የሴኡሉ ጄልና የኒው ዮርኩ ሽፋን በአንድ ስም ቢጠሩም አንድ ነገር አይደሉም። የፕላትሌቱ ብዛት፣ የነጭ ሕዋሳቱ መኖር አለመኖር፣ በካልሲየም መርጋቱ፣ የተቀመጠበት ቦታ ሁሉ ይለያያል። ከዚህም በላይ የሰው ደም ከሰው ደም፣ የአንድ ሰውም የጠዋቱ ከማታው ይለያል። የብዙ ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ ያዩ ግምገማዎች በትከሻ ላይ ዳግም መቀደድን ይቀንሳል ወደሚለው ያዘነብላሉ። በሕመምና በአቅም ላይ የሚታየው ጥቅም ግን ትንሽ ነው። ለትከሻ ተስፋውን አልዘጋውም፤ ትልቅ ቀዳዳ ላለበት፣ ፕላትሌቱን ቆጥሮ በሚመዘግብ ሐኪም እጅ ለሚሰፋ ሰው መሞከሩ ምክንያት አለው።

እስከዚያው ገበያው አልጠበቀም። በአሜሪካ ሕግ የሚመረመረው ደሙን የሚያሽከረክረው መሣሪያ ነው። ደሙ የታካሚው የራሱ ስለሆነ እንደ አዲስ መድኃኒት ፈዋሽነቱ እንዲረጋገጥ አይጠየቅም። አንድ መርፌ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅበታል፤ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ አይከፍልም። ውጭ አገር የሚኖር ወንድማችን ጅማቱ ተሰፍቶ ክራንች ይዞ ሥራ ሳይገባ ሲከርም፣ የቤት ኪራዩ እየመጣ፣ «በዚህ መርፌ ቶሎ ትመለሳለህ» ቢባል ይከፍላል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን መክፈል ያምረኝ ነበር። ለዚህ ነው ለተረከዝ ጅማት ማስረጃው ይህን ተስፋ እንደማይደግፍ በግልጽ ሊነገረው የሚገባው።

ያ ገንዘብ የሚውልበት ሌላ ቦታ አለ። ከስፌቱ በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ያልፋል። ከዚያ እግሩ ተረከዙ ከፍ ባለ ቦት ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ መሬት ይነካል፤ ከተረከዙ ሥር ያሉት ሽብልቆች በየጊዜው አንድ በአንድ ይነሳሉ። ሁለት ወር ገደማ ሲሆን ቦቱ ይወልቃል፤ ያኔ ሁለት ስህተት ይፈጸማል። አንደኛው ፈርቶ መቀመጥ ነው፤ ጅማቱ ሳይጫን ይቀራል። ሌላው በጉጉት መለጠጥ ነው፤ ጅማቱ ረዝሞ ይገጥማል፤ ረጅም ጅማት ደግሞ ባት ቢበረታም መሬትን ገፍቶ አይነሳም። የሰለጠነ ፊዚዮቴራፒስት የሚያስፈልገው በእነዚህ በሁለቱ መካከል እንዲያራምድ ነው። በስድስተኛው ወር ታካሚው በታመመው እግሩ ብቻ ቆሞ ተረከዙን ከመሬት እንዲያነሳ ይጠየቃል። ብዙዎች ያኔ አይችሉም። ዓመታት ካለፉ በኋላም የባታቸው ጉልበት ከሌላው እግር ከ10 እስከ 30 በመቶ ያነሰ ሆኖ የሚቀርባቸው አሉ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ ቁጥራቸው ግን ለአገሩ ስፋት ትንሽ ነው። ከሆስፒታል ራቅ ብሎ የሚኖር ታካሚ ጅማቱ ተሰፍቶለት፣ እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንዲመለስ ተነግሮት ይሸኛል። ሲመለስ ጀሶው ይቀደድለታል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት የሚያስተዳድረው ራሱ ነው። ፕላዝማ የሚሠራ መኪና ከማስገባታችን በፊት ለዚህ ሰው የመውጫ ወረቀቱ ላይ የሳምንት በሳምንት የልምምድ መመሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ተጽፎ፣ የመጀመሪያው የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮም ከቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ጋር በአንድ ቀን ተቆርጦ ቢሰጠው እመርጣለሁ።